ምድር ቤት የጠጣ ሰጋቱራ

አሱንሲዮን የሟቿን የፊናን አሻንጉሊቶች በጋሪ አስጭና ኤልቪራ ደጃፍ የደረሰችው በሰኔ መጨረሻ፣ በዚያ አገር በጋው ማቃጠል በሚጀምርበት ወቅት፣ ሰው ሁሉ መስኮቱን ዘግቶ ከፀሐይ በሚሸሸግበት በምሳ ሰዓት ነበር። ኤልቪራ በሩን ሳትከፍት ሽታው ቀድሞ ገባ። እርጥብ ድንጋይ፣ የበሰበሰ ድንች፣ የአይጥ ሽንት። በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ለሕፃናት ፀጉር የሚደረገው የብርቱካን አበባ ሽቶ ተደፍቶበታል።

«ሽቶ ደፋሽባቸው?» አለች ኤልቪራ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጅ ሲሸት ሽቶ አይደል የሚቀባው? ያለኝን ሁሉ ጨረስኩባቸው።»

«እነሱም ፊታቸውን ጨረሱልሽ።»

ኤልቪራ ከላይ ያለችውን አነሳች። አልኮሉ የጉንጯን ቀለም አሟሙቶ ወደ አገጯ አውርዶታል፤ ያለቀሰች ትመስላለች። ያን ጉንጭ የቀባችው ፊና ነበረች።

«እሱንማ አንቺ ታውቂበታለሽ ብዬ አይደል የመጣሁት» አለች አሱንሲዮን፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ኤልቪራና ፊና እህትማማች ነበሩ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን የጨረሱት በከተማው አሻንጉሊት ፋብሪካ ነው፤ ፊና ዓይንና ጉንጭ ትስላለች፣ ኤልቪራ ሆድ ትሞላለች። «እኔ ነፍስ እሰጣቸዋለሁ፣ አንቺ አንጀት ትሰጫቸዋለሽ» እያለች ፊና ትቀልድ ነበር። የአንድ ዓይነት አሻንጉሊት ሥራ ሲቆም ከመጨረሻዎቹ አንዷን ለሠራተኛ መስጠት የፋብሪካው ልማድ ስለነበረ፣ ፊና ስታረጅ ክፍሏ በአሻንጉሊት ሞልቶ ነበር። ባልም ልጅም አልነበራትም። እነሱን ታበጥራለች፣ ልብሳቸውን ታጥባለች፣ ክፍሉን በየጠዋቱ ታናፍሳለች። የፊና አሻንጉሊቶች ሳሙና እንጂ ሌላ ነገር ሸትተው አያውቁም።

ባለፈው የብርድ ወራት እግሯ ከዳት። የእሷም የኤልቪራም ቤት ደረጃ የሚወጣበት ስለሆነ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ወሰዷት። እዚያ የሚኖረው ወንድማቸው ቶኔት ነው፤ አሱንሲዮን የእሱ ሚስት ናት። አሻንጉሊቶቹም አብረው ሄዱ። አሱንሲዮን ግን «አቧራ ያመጣሉ፣ የበሽተኛ አየር ይሻማሉ» ብላ ምድር ቤት፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ከምራ ቆለፈችባቸው። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አሰረችው።

ፊና እየደከመች ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «ማርየታን አምጡልኝ። እሷን ብቻ።» ማርየታ፣ ፊና ገና ልጅ ሳለች፣ ማንም ሳያግዛት ዓይኗን የሳለችላት የመጀመሪያዋ አሻንጉሊት ናት። ኤልቪራ አሱንሲዮንን ቁልፍ ለመነቻት።

«እዚያው ይመቻቸዋል» አለች አሱንሲዮን።

በማግስቱም ለመነቻት። «ነገ» አለቻት። ቶኔት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ገለጠ። ፊና በየካቲት ሞተች፤ አንድ እጇ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ፣ መዳፏ ወደ ላይ ተከፍቶ፣ የሚሰጧትን እንደምትቀበል ሆና። ያን መዳፍ ያጠፈችው ኤልቪራ ናት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አሱንሲዮንን ጉንጭና ጉንጭ እየሳመች ሰላም ትላታለች። ቂም ይዞ ጸሎት ይሏል ይሄ ነው።

እና አሁን አሱንሲዮን ይህን ሁሉ ጭና የመጣችበት ጉዳይ ነበራት። የተዘጋው ፋብሪካ ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ የአሻንጉሊት ማሳያ ክፍል ሊከፍት ነው፤ ምረቃው በመስከረሙ በዓል ነው። በሩ ላይ «የአሱንሲዮንና የቤተሰቧ ስጦታ» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ይሰቀላል። ሰሌዳው ተቀርጾ አልቋል። ችግሩ ሽታው ብቻ ነው። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ባቲስት ጋሪው ላይ ጎንበስ ብሎ አሽትቶ፣ አደባባዩ እስኪሰማ ድረስ «አሱን፣ እነዚህ ጉድጓድ ገብቶ የሞተ ጳጳስ ነው የሚሸቱት!» ብሎ መለሳት።

«ለበዓሉ ታደርሺልኛለሽ አይደል?»

«አደርሳለሁ።»

«ፊናም ብትሆን ደስ ይላታል እኮ።»

ኤልቪራ ጥርሷን ነክሳ «ተያቸው» አለች። «ጋሪውንም ውሰጂ።»

መጀመሪያ ያሰበችው በቀል ሌላ ነበር። የሻጋታ ሽታ የሚኖረው ልብስ ላይ አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ነው። የእነዚያ አሻንጉሊቶች አካል በጨርቅ ተሰፍቶ ሰጋቱራ የተጠቀጠቀበት ነው። ሰጋቱራ ደግሞ የሰጡትን ሁሉ ይጠጣል። ልብሳቸውን አጥቦ ፊታቸውን ጠርጎ ፀሐይ ላይ ቢያሰጧቸው ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶባቸው መብራቱ ሲያሞቃቸው ግን ይነሳል። ኤልቪራ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። አሱንሲዮን አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንቲባው ከጎኗ ቆሞ፣ መስታወቱን ስትከፍተው፣ እንግዳው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያፈገፍግ። አንጀቷ ራሰ። ሆዳቸውን ላለመንካት ወሰነች።

በሦስተኛው ቀን ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ቆማ ሳለች ከፊቷ ያለችው ሴት ለዳቦ ሻጯ ስታወራ ሰማች።

«የፊናን ግማቶች ኤልቪራ ልታጥባቸው ነው አሉ።»

«ምስኪን ፊና» አለች ዳቦ ሻጯ። «ንጹሕ ሴት ትመስል ነበር እኮ።»

ኤልቪራ ዳቦዋን ሳትገዛ ተመለሰች። ለካ ግማቱ አሱንሲዮን ላይ አይደለም የሚለጠፈው! ሰው ምድር ቤቱን አላየ፤ የሚያውቀው አሻንጉሊቶቹ የፊና መሆናቸውን ነው። በምረቃው ቀን ሳጥኑ ሲከፈት የምትዋረደው መልስ መስጠት የማትችለው ናት። ቤቷ ስትደርስ መቀሱን አነሳች።

ሥራው በጋውን በላው። አንድ በአንድ ልብሳቸውን አወለቀች፣ የጀርባቸውን ስፌት ፈታች፣ ሆዳቸውን ባዶ አደረገች። የወጣው ሰጋቱራ ጠቁሮ፣ ተጓጉሎ፣ ነጭ ፀጉር አብቅሎ ነበር። የጨርቁን ገላ ገልብጣ በሆምጣጤና በውሃ አጠበችው። ራሳቸው ከተጠፈጠፈ ወረቀት የተሠራ ስለሆነ ውሃ አይወድም፤ ሻጋታውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጣራ ላይ አራገፈችው፣ ነፋሱ ወደ ጎረቤት እንዳይወስደው እየተጠነቀቀች። ከዚያ ገላቸውንም ራሳቸውንም ከሰልና ሶዳ በሳህን ካስቀመጠችበት ሣጥን ውስጥ፣ ሳህኑ እንዳይነካቸው አድርጋ ዘጋችባቸው። በየጊዜው ከፍታ ታሸታለች፤ ከሰሉን ትቀይራለች፤ ደግማ ትዘጋለች። ሽታ በጉልበት አይወጣም። በመጨረሻ ከአናጢው ያመጣችውን የጥድ ሰጋቱራ ነፍታ፣ በምድጃ አድርቃ ሆዳቸውን ሞላች። የቀለጡትን ጉንጮች ግን አልነካችም። በፊና እጅ ላይ እጇን ልትጨምር አልደፈረችም።

ማርየታን ለመጨረሻ አቆየቻት። ስትከፍታት ሰጋቱራው ከሁሉም የረጠበ ነበር፤ ከታች፣ ወለሉ ላይ የተጣለችው እሷ ነበረች ማለት ነው። ኤልቪራ የዚያን ቀን ሥራ አልሠራችም።

የወጣው ጥቁር ሰጋቱራ በጆንያ ተሞልቶ ጣራ ላይ ተቀመጠ። ልታቃጥለው ነበር። ሳታቃጥለው አሱንሲዮን መጣች፤ ያለ ጋሪ፣ አንድ ነገር በክንዷ አቅፋ።

«ከጀመርሽ አይቀር ይህችንም እይልኝ» አለች። «ሆዷ ጎድጉዷል፣ አንገቷም ላልቷል።»

የሠርጓ አሻንጉሊት ነበረች፤ ሙሽሮች አልጋ ሲነጠፍ መሐል ላይ፣ ቀሚሷን እንደ አበባ ዘርግተው የሚያስቀምጧት ዓይነት። አሱንሲዮን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከትራሱ ፊት ታስቀምጣታለች፣ ማታ ወንበር ላይ ታደርጋታለች።

«መቼ ትፈልጊያታለሽ?» አለች ኤልቪራ።

«ስትችይ። ብቻ ባዶ አልጋ አልወድም።»

«ባዶ አልጋ ማን ይወዳል» አለች ኤልቪራ፣ አሻንጉሊቷን እየተቀበለች።

አሱንሲዮን ስትወጣ ኤልቪራ ጣራ ላይ ወጥታ ጆንያውን ፈታች። በሚያቃጥለው ፀሐይ ጥቁሩን ሰጋቱራ አንሶላ ላይ በትና ሽታው እስኪጠፋ አደረቀችው። ሻጋታ አይሞትም፤ ይተኛል እንጂ። ከማርየታ የወጣውን ለይታ የሙሽራዋን አሻንጉሊት ደረት ሞላችበት፣ ከሌሎቹ ከወጣው የሚበቃትን ሆዷ ውስጥ አደረገች፣ ከላይ አዲስ የጥድ ሰጋቱራ አለበሰችው። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ስፌት ሰፍታ አታውቅም። በማግስቱ ራሷ ወስዳ አልጋው ላይ አስቀመጠቻት፣ ቀሚሷንም ራሷ ዘረጋችላት።

«እጅሽ ይባረክ» አለች አሱንሲዮን።

«አሜን» አለች ኤልቪራ።

ምረቃው አማረ። ሳጥኖቹ ሲከፈቱ ባቲስት አፍንጫውን አስገብቶ አሸተተና «ጳጳሱ ተነሥቷል!» አለ፤ ሕዝቡ ሳቀ። አሱንሲዮን ከነሐሱ ሰሌዳ ሥር ቆማ የሁሉንም ምስጋና ተቀበለች። ስለ ኤልቪራ ሥራ የተናገረ አልነበረም፤ የፊናም ስም አልተነሣም። ኤልቪራ ጥግ ላይ ቆማ ለውዝ ትበላ ነበር። ፊቷ የተረጋጋ ስለነበረ ሰው ሁሉ «እግዜር አጽናናት» አለ።

በጥቅምት ዝናቡ መጣ። ከባሕር በኩል የሚመጣው፣ አንዴ ከጀመረ ግድግዳውን ሁሉ የሚያልበው ዝናብ። መጀመሪያ አሱንሲዮን የቤቱ ቱቦ የተደፈነ መሰላት፤ ቧንቧ ሠራተኛ አስጠራች። ቀጥሎ ፍራሹን ቀየረች። ቀጥሎ ግንበኛ ጠርታ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ግድግዳ አስፈረሰች። ቶኔት ሳሎን መተኛት ጀመረ። አሱንሲዮን ግን በየጠዋቱ አልጋዋን አንጥፋ፣ አሻንጉሊቷን መሐል አስቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ክፍሉን ሁሉ ሽቶ ትረጨዋለች። አሻንጉሊቷንም በደንብ ትረጫታለች። እንደዚያ ስትረጫት ከርማ ሽታው በሩ ቢዘጋም የማይቀር ሆነ።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ኤልቪራን አስጠራቻት። ከተማው ውስጥ እንደ ኤልቪራ የሚያሸት የለም።

ኤልቪራ ወደ መኝታ ክፍሉ ስትገባ የዚያ ምድር ቤት ሽታ፣ የፊና የመጨረሻ ወራት ሁሉ፣ ፊቷ ላይ ድንገት ተደፋ። ተጠንቅቃ ተነፈሰች። አሱንሲዮን ከስታ ነበር።

«ሁሉን ሞከርኩ» አለች። «አባም መጥተው ጠበል ረጩልኝ። ባሰበት!»

«ጠበሉ ወዴት ተረጨ?»

«አልጋው ላይ ነዋ።»

ኤልቪራ ሳቋን ዋጠች። አሱንሲዮን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ኤልቪራ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እሷ ናት?»

«ማን?»

«ፊና። እየመጣች ይሆን?»

ኤልቪራ ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። ዝም ብትል፣ «ትሆናለች» ብትል፣ ይህች ሴት እስክትሞት አትተኛም ነበር። ግን እንደገና ያው ነገር ነው፤ እንደገና ግማቱ ፊና ላይ ሊለጠፍ ነው።

«ፊና ሳሙናና ቀለም ነበር የምትሸተው» አለች። «ከዚህ ጋር አታነካኪያት።»

ከሽርጧ ኪስ መቀሷን አወጣች፣ አልጋው ላይ ያለችውን አሻንጉሊት ገለበጠች፣ ያን ያማረ ስፌት ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ነጩ የአልጋ ልብስ ላይ መጀመሪያ ቢጫ ሰጋቱራ ወረደ፤ ከዚያ ጥቁሩ፣ እርጥቡ፣ ነጭ ፀጉር ያበቀለው ተዘረገፈ። አሱንሲዮን አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኸው። ምድር ቤትሽ ነው። ለባለቤቱ መለስኩት።»

«አንቺ እባብ! ይሄን ሁሉ ጊዜ...»

«እባብ በይኝ። አንዷን ብቻ ነበር የለመነችሽ። ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነበር።»

«ሐኪሙ አቧራ አይሆንም...»

«ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። አሻንጉሊት የሚል ቃል አልወጣውም።»

አሱንሲዮን የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሰጋቱራው ላይ መሆኑን እንኳ አላስተዋለችም። ስትናገር ድምፅዋ ሌላ ነበር። «ሁለታችሁ ስትመጡ ሳታንኳኩ ነበር የምትገቡት። ድስቴን ትከፍታላችሁ። የእናታችን ቤት፣ የእናታችን ወንበር ትላላችሁ! ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ በዚህ ቤት የኔ የምለው ይህችን አሻንጉሊትና ያን ቁልፍ ብቻ ነበር።»

ኤልቪራ ሰማቻት። ውሸት እንዳልሆነም አወቀች። አልራራችላትም።

ቶኔት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ቁልፉን ልትሰጪያት ይገባ ነበር» አለ፣ ለሚስቱ።

ኤልቪራ ዞረችበት። «አንተ ዝም በል። ያኔም ዝም ብለህ ነበር፤ ጎበዝ ነህ በሱ።»

ከዚያ ወደ አሱንሲዮን ተመለሰች። «ነገ ሰው ሁሉ መቃብር ሊያጸዳ ይወጣል። አንቺ ማርየታን ከመስታወቱ ታወጫለሽ፤ ሰጪዋ አንቺ አይደለሽ፣ ማን ይከለክልሻል? በእጅሽ ታቅፈሽ፣ በዋናው መንገድ፣ ለፊና ታደርሻታለሽ።»

«ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

«የጠየቀሽን ትመልሻለሽ።»

«እምቢ ብልስ?»

«የጆንያው ግማሽ ገና እኔ ጋ ነው» አለች ኤልቪራ። «የት እንደማስገባው አልነግርሽም።»

በበዓሉ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ነበር። መካነ መቃብሩ ከከተማው በላይ፣ ጥዶቹ ያሉበት ኮረብታ ላይ ነው፤ መንገዱ አበባና ባልዲ በያዘ ሰው ተሞልቷል። አሱንሲዮን ማርየታን እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች። ኤልቪራ ከኋላዋ፣ መስታወት የምትጠርግበትን ጨርቅና አንዲት ትንሽ ከረጢት ይዛ ተከተለች። ባቲስት ከሚስቱ ጋር አገኛቸው።

«አሱን! ያችን ደግሞ ወዴት? ክርስትና ልታስነሺያት ነው?»

አሱንሲዮን ቆመች። ወደ ኋላዋ አየች። ኤልቪራ ጨርቁን እያጣጠፈች ነበር።

«ወደ ፊና» አለች አሱንሲዮን።

«ለምን?»

«ጠይቃኝ ስለነበር።»

«መቼ?»

መንገዱ ላይ ያለው ሰው ቆሞ ነበር። ዳቦ ሻጯም ነበረች።

«ሳትሞት» አለች አሱንሲዮን። «ምድር ቤት ቆልፌባቸው ነበር። የሸተቱትም ለዚያ ነው። አልሰጠኋትም።»

ባቲስት ባርኔጣውን አወለቀ። ዳቦ ሻጯ አማተበች። አሱንሲዮን አንገቷን ደፍታ መንገዷን ቀጠለች፣ ሰዉም ለሁለት ተከፍሎ አሳለፋት።

በዚያ ሙታን የሚያርፉት በግድግዳ ውስጥ ተደራርበው ነው፤ የፊና መቃብር ከላይኛው ተራ ነው፤ እብነ በረዱ ፊት አበባ የሚቀመጥበት ትንሽ ቦታና የመስታወት በር አለው። መሰላል ያስፈልጋል። አሱንሲዮን ከፍታ ትፈራለች፤ ያን ሁሉም ያውቃል።

«አንቺ ውጪ» አለች፣ ማርየታን እየዘረጋችላት።

ኤልቪራ አልተቀበለቻትም። የከሰልና የሩዝ ከረጢቷን ከማርየታ ቀሚስ ሥር ወሸቀች፤ መስታወቱ ውስጥ እርጥበት እንዳይዛት ነው። ወደ መሰላሉ ጠቆመች።

አሱንሲዮን አንድ እጇ አሻንጉሊቷን እንዳቀፈ ወጣች። መሰላሉ ተንቀጠቀጠ።

«ያዢልኝ መሰላሉን!»

«ይዤዋለሁ» አለች ኤልቪራ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ እንዳጣመረች።

አሱንሲዮን ዓይኗን ጨፍና መስታወቱን ከፈተች። ማርየታን አስቀመጠቻት፤ በፊና እጅ የተሳሉት ቡናማ ዓይኖች ከላይ ሆነው ከተማውን አዩ። በሩን ዘጋችው።

«ልውረድ?»

ኤልቪራ ጨርቁን በመሰላሉ ወደ ላይ አቀበለቻት።

«መስታወቱ አድፏል» አለች። «ፊና ቆሻሻ አትወድም።»